የላጤው ካፒቴን ልጆች

«በስንት ሸጥሽው?» አለ ሮሙሎ።

ኔሜሲያ የትኩሱን አረቄ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች። ወንድሟ ለአባታቸው ለቅሶ ከሊማ ከመጣ ወዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ ገና የመጀመሪያቸው ነው። እሱ ግን እሷን አያይም፤ የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር ነው። የካፒቴኑ ጎራዴ ድሮ የሚሰቀልበት ምስማር ላይ አሁን ያለው የአባታቸው ባርኔጣ ነው።

«ምኑን?»

«አታሹፊብኝ። ጎራዴውን ነዋ!»

«አልሸጥኩም። አባባ ራሱ አምና አወረደው። የት እንዳደረሰው አልነገረኝም።»

«አብረሽው እየኖርሽ አልጠየቅሽውም?»

«ጠይቄዋለሁ። ‘እግሬን አሞኛል’ አለኝ።»

«ስለ ጎራዴ ስትጠይቂው ስለ እግሩ መለሰልሽ?» ሮሙሎ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ይሁን። በአምስተኛው ቀን የአባባ ልብስ እንደ ደንቡ ከታጠበ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ንብረቱን ያያል። ያኔ ለአጎቶቻችን ትነግሪያቸዋለሽ።» ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ እንግዶቹ ሄደ።

መቼም የሃውሃ ከተማ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ ጆሮውን ደጅ ትቶ አይገባም። በማግስቱ ዳቦ ቤት ስትደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ዋጥ አደረጉ። «እግዜር ያጥናሽ» አሏት፤ ዓይናቸው ግን ቦርሳዋን ይበረብር ነበር። ሌባ! አባቷን ዓመት ሙሉ አስታማ፣ በአባቷ ቤት፣ ሌባ! ንዴቱ ለቅሶዋን እንኳ ነጠቃት። አባቷን ልታለቅስለት ስትቀመጥ ጎራዴው ይመጣባታል።

ዶን አውሬሊዮ ጋላርሳ ባርኔጣ ሠሪ ነበር። የተጨማደደ ባርኔጣ በእንፋሎት ያለሰልሳል፣ የእንጨት ቅርጹ ላይ ይወጥራል፣ ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ደግሞ ጠርዙን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ የሰው ባርኔጣ ላይ አጎንብሶ የሚኖረው ሰው በሐምሌው የነጻነት ሰልፍ ቀን ግን ቀጥ ይላል። ከቺሌ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቀውን የካፒቴን ማርሴሊኖ ጋላርሳን ጎራዴ ታጥቆ ከፊት ይሄዳል። «እኔ መች እሄዳለሁ» ይል ነበር፤ «የሚያስኬደኝ የቅድመ አያቴ ደም ነው።»

አምና ማዘጋጃ ቤቱ ለካፒቴኑ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆማለሁ ሲል፣ ዶን አውሬሊዮ የካፒቴኑን የአገልግሎት መዝገብ ቅጂ ከሊማ አስመጣ። መነጽሩን ጠርጎ፣ እንፋሎቱ መሃል ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። «ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ገባ... ግራ ክንዱን ቆሰለ... ስለ ጀግንነቱ ማዕረግ ተጨመረለት፣ ሰማሽ ልጄ?» ከዚያ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆመ።

«ቀጥል እንጂ አባባ።»

«ዓይኔ ደከመ» አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ከእንፋሎቱ ድስት ስር እሳት ውስጥ ከተተው። በዚያው ሳምንት ጎራዴው ከግድግዳው ጠፋ። ሐምሌ ሲደርስም «እግሬን አሞኛል» ብሎ ከሰልፉ ቀረ። የሙዚቃው ድምፅ በመስኮት ሲገባ እሱ የማንም ያልሆነ አሮጌ ባርኔጣ ይዞ ጠርዙን ይዳብስ ነበር።

ከለቀስተኛው መሃል ኔሜሲያን ያልገባት አንድ ሰው ነበር። ዶን ጉሜርሲንዶ ይባላል፤ እሱም ጋላርሳ ነው፣ ከወንዙ ማዶ፣ የካፒቴኑ ታናሽ ወንድም ዘር። ሁለቱ ቤቶች «ጎራዴው የኛ ነው፣ የኛ ነው» ሲባባሉ በአያቶቻቸው ጊዜ ሰላምታ ተነፋፍገው፣ እንደተነፋፈጉ አሉ። ታዲያ ምን ሊሆን በየምሽቱ ይመጣል? ጥግ ይዞ የኮካ ቅጠሉን ያኝካል፤ ካርታ እንጫወት ቢሉት እምቢ ይላል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ» አለቻት የክርስትና እናቷ ዶና ኦቲሊያ፣ የተቀቀለ በቆሎ እያቀረበች። «እስቲ እዪው። እዚህ የገባ ሰው ሁሉ ያንን ምስማር ሰረቅ አድርጎ ያያል። እሱ ብቻ ቀና አይልም። የጠፋው ነገር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልገዋል?»

ኔሜሲያ አየችው። እውነትም ቀና አላለም።

ለአምስተኛው ቀን አጥቢያ ዶና ኦቲሊያ እንደ ደንቡ ደጃፉ ላይ አመድ ነሰነሰች፤ የሟች ነፍስ ልትሰናበት ስትመጣ ዱካዋ ይታያልና። ጠዋት እውነትም የጫማ ዱካ ተገኘ። ሴቶቹ «መጣ! አውሬሊዮ መጣ!» ብለው እሪ አሉ። ኔሜሲያ ጎንበስ ብላ ስታየው ግን የሶሉ ምስማሮች አንድ በአንድ አመዱ ላይ ታትመዋል። አባቷ ምስማር የተመታበት ጫማ አድርጎ አያውቅም። ደግሞም ዱካው ደፉ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ነፍስ ገዛ ቤቷ ደጃፍ ደርሳ ምን አስፈርቷት ትመለሳለች?

ከቁርስ በኋላ ልብሱን ይዘው ወንዝ ወረዱ። የሟች ልጅ አታጥብም፤ ባዕድ ሲያጥብ ተቀምጣ ታያለች። ዶና ኦቲሊያና ጎረቤቶቿ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ።

«ኧረ ይሄ አንገትጌ! አውሬሊዮ፣ አንተ ደግሞ አንገትህን ታጥበህ አታውቅም?» እያሉ ይቀልዱበታል። ልብሱ እስኪደርቅ ነፍስ አትርቅም፤ ስለዚህ ያዋሩታል። የሰልፉን ጥቁር ኮት ድንጋይ ላይ አሰጡት። የጎራዴው መታጠቂያ የበላው ግራ ጎኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

ዶን ጉሜርሲንዶ በፖንቾ ካባ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፎ መጣ። ጫማው የወንዙን ድንጋይ ሲረግጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ኔሜሲያ ተነሳች።

«ሌሊት ደጃችን ላይ ምን ሊሰሩ ነበር?»

«ይህን ላስቀምጥ ነበር። ወኔ ከዳኝ።» ፖንቾውን ገለጥ አደረገው። የጎራዴው እጀታ ታየ።

«ሰርቀው ነበር ማለት ነው!» አለ ሮሙሎ ከኋላዋ።

«ወንድሜ፣ ዝም በል» አለች። «ይናገሩ።»

«አባትሽ በገዛ እጁ አመጣልኝ። ‘መዝገቡ ካፒቴኑ ላጤ ነበር ይላል’ አለኝ። ‘ላጤ ከሆነ ሚስቱ ነኝ ያለችው ቅድመ አያቴ ዋሽታለች። እኛ የማንም ዲቃላ ነን። ዕድሜ ልኬን የሰው ጎራዴ ታጥቄ ተጎማለልኩ። የወንድሙ ዘር አንተ ነህ፣ ውሰደው’ አለኝ። እያለቀሰ ነበር።»

«እርስዎም ወሰዱት።»

«ወሰድኩት።» ሽማግሌው ጥቅሉን መሬት ላይ አኖረ። «ልጄ፣ የኔም ቅድመ አያት፣ የካፒቴኑ ወንድም፣ መኮንን ነበር። የእሱም መዝገብ ላጤ ይላል። ከቤቱ ግን ልጅ አይጠፋም ነበር! ያኔ መኮንን ሚስት ሊያገባ የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ጥሎሽ የሌላትን የገበሬ ልጅ ማን ይፈቅድለታል? ስለዚህ ከቄስ ፊት ይጋባና አለቆቹን ዝም ይላቸዋል። ሲሞት ሚስቲቱ ጡረታ አታገኝም፤ ልጆቹ ግን ልጆቹ ናቸው። ወረቀት ላይ ላጤ ያልሆነ ጋላርሳ የለም።»

«አባቴ እርስዎ ዘንድ ሲመጣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉት?»

«ጎራዴውን ፈልጌ ነዋ!» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁትን ሰው በእጄ ሲያኖርልኝ... ለሐምሌ እነግረዋለሁ አልኩ። ሐምሌ አለፈ። እየኮራሁበት ግድግዳዬ ላይ አልሰቀልኩትም፤ አልጋዬ ስር ነው የከረመው።»

ኔሜሲያ ልትመታው እጇን አነሳች። መልሳ አወረደችው። «አባቴ ዲቃላ ነኝ ብሎ ነው የሞተው» አለች። «ባርኔጣ እያሻሸ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለእኔ እንኳ ለመናገር አፍሮ። አሁን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ይንገሩት!»

ወደ ኮቱ ጠቆመች። ውሃ ይንጠባጠባል፤ ገና አልደረቀም።

ዶን ጉሜርሲንዶ ባርኔጣውን አወለቀ። ድንጋዩ ጋ ሄዶ ተንበረከከ። አጣቢዎቹ ማጠቡን ትተው ውሃው ውስጥ ቆሙ።

«አውሬሊዮ» አለ፣ ለኮቱ። «ያ ጎራዴ ያንተ ነው። ቅድመ አያትህ ዋሽታ አታውቅም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ። የካፒቴኑ ልጅ ነህ፤ በሙሉ ደምህ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ኔሜሲያ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ አባቷን ብቻ ብላ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። ሮሙሎ አጠገቧ መጥቶ «እህቴ...» ብሎ ጀመረ። «ኋላ» አለችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አጎቶቻቸው ተሰብስበው ነበር። ዶና ኦቲሊያ አሮጌ ልብሶቹን ለማቃጠል በቅርጫት ትሰበስባለች። ሮሙሎ ጎራዴውን ታቅፎ ምስማሩ ስር ቆመ።

«ባርኔጣውን አውርጂልኝና ቦታው ልመልሰው» አለ።

«ባርኔጣውን አምጪው፣ ከልብሱ ጋር ይቃጠል» አለች ዶና ኦቲሊያ፣ ቅርጫቷን ዘርግታ።

ኔሜሲያ ሁለቱንም ትታ ወደ አባቷ መሥሪያ ገብታ ከቆርቆሮው አንድ ምስማር አነሳች። መዶሻ አልፈለገችም፤ ባርኔጣ የሚወጥርበትን የእንጨት ቅርጽ ይዛ ወጣች። ከባርኔጣው ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ በሚያክል ርቀት፣ ምስማሩን መታችው። ጎራዴውን ከወንድሟ ተቀብላ ሰቀለች።

ከዚያ የባርኔጣውን ጠርዝ፣ ከምስማሩ ሳታወርደው፣ ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችው።