ከከንፈር ሥር

ሩኔ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፎ ደም ተፋ። ደግሞ ተፋ። ደሙ አልቆመም።

ባለፈው ሰኞ ነው ለፊት ጥርሱ መያዣ የሚሆን ብሎን የላይኛው መንጋጋው ላይ የተተከለለት። ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ላይ ሲያጨስ ስለከረመ፣ ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር ሳይያያዝ ወለቀ። ሐኪሟ አጥንቱ ስለሳሳ ይሄኛውም ከወለቀ ሌላ እንደማትሞክር ቁርጡን ነግራዋለች። ያን ዕለት ማታ ሚስቱ ማይብሪት የራሷን የሲጋራ ፓኮ ምድጃ ውስጥ ወረወረች።

"እኔም አብሬህ አቆማለሁ" አለችው። "ካታለልከኝ ግን አልምርህም።"

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ የጸዳ ድስት እየፈተገች ታነጋለች።

ሩኔ ሲጋራ አልነካም። በዚህ አይዋሽም። ግን እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ስኑሱን፣ ያችን ትንሽ የትምባሆ ከረጢት፣ ከላይኛው ከንፈሩ ሥር ይወትፋል። የሥራ ባልደረባው ኢንግቬ የስኑሱን ቆርቆሮ ከፍቶ ዘረጋለት።

"ሐኪሟ አታጭስ ነው ያለችህ። ይሄ ይጨሳል እንዴ?"

"አይጨስም።"

"ታዲያ ምን ያሽኮረምምሃል?"

ወሰደ። በማግስቱም ወሰደ። ዛሬ ከረጢቷ ልክ የድዱ ስፌት ላይ ተቀደደች።

ኡሜዮ ከተማ ወዳለው ክሊኒክ ደወለ። ነርሷ አጭሶ እንደሆነ ጠየቀችው።

"አላጨስኩም።"

"ጎበዝ። ስኑስስ?"

አፉን የሞላውን ደም ተፋ።

"ትንሽ" አለ በመጨረሻ።

ነርሷ አልተቆጣችም። እንዳይጉመጠመጥ ብቻ አስጠነቀቀችው፤ የረጋው ደም ከታጠበ ቁስሉ ይከፈታል። ከዚያ፣ "ስፌቱ መፈታት አለመፈታቱን ማወቅ አለብኝ" አለችው። "በመስታወት አይሆንም። አጠገብህ የሚያይልህ ሰው አለ?"

በሩ ተንኳኳ። "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለች ማይብሪት። "ደህና ነህ?"

ሩኔ መስታወቱን አየ። ጥቁር የትምባሆ ብናኝ ክሩ ላይ ተጣብቋል። ቧንቧው እጁ ሥር ነው፤ አንዴ ቢጉመጠመጥ ምልክቱም አይቀር። ብቻዬን ነኝ ማለትም ይችላል።

"ሩኔ?" አሉ ሁለቱም ሴቶች፣ አንዷ ከበሩ ወዲያ፣ አንዷ ከስልኩ።

"ባለቤቴ አለች" አለ ለነርሷ። በሩን ከፈተና ወደ መብራቱ ዞሮ፣ ከንፈሩን በጣቱ ገለበላት።