ተክለ መስሎን

«እንዳትከፍትለት!» አለች ያለምዘውድ ከመኝታ ቤት፣ የበሩ ደወል ሲጮኽ።

ባሏ ምንያህል ኮሪደሩ መሃል ተገትሮ ቀረ። ጀርመን አገር፣ ቦናመስ የሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ እናት የለ እህት የለ፤ አራሷን የሚያርሳት እሱ ብቻ ነው። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ጡት አልይዝም ብላ፣ ከማልቀስ ብዛት ድምጿ ሰልሏል። ዛሬም ካልጠባች ሆስፒታል መመለሷ ነው። ጠዋት ከአዋላጆቹ ቢሮ የሚመጣው ሰው ስም በስልክ ተልኮላቸው ነበር። ምንያህል በላቲን ፊደል የተጻፈውን «ተክለ» ብሎ አነበበና በደስታ ዘለለ።

«ያገር ልጅ ነው የላኩልን! አጻጻፉ የኤርትራ ልጆች ነው።»

«ወንድ ሄባመ? ወንድ አዋላጅ ጡቴን ሊያይ? ሞቼ እገኛለሁ!»

ደወሉ ደገመ። ምንያህል የልጅቷን ለቅሶ ሰማና አላስቻለውም፤ በሩን ገርበብ አደረገ። «ይቅርታ ወንድም ተክለ፣ ባለቤቴ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። የቆሙት ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ።

«ቴክላ» አሉ ፈገግ ብለው።

ሴትዮዋ እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ልጅቷን በእናቷ ብብት ስር አዙረው አስተኟት፤ አገጯን በጣታቸው ዝቅ አደረጉላት። ጥቂት ታገለችና ጎረሰች። ስትውጥ ድምጿ ተሰማ። ያለምዘውድ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጀርመንኛው ሁሉ ጠፍቶባት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ምንያህል በስማቸው ወንድ መስለዋቸው እንደነበር ሲነግራቸው ቴክላ ከት ብለው ሳቁ።

«የአያቴ ስም ነው። ከግሪክ የመጣ፣ የእግዚአብሔር ክብር ማለት ነው ይላሉ። ዛሬ በእኔ አገር በጣሊያን ልጁን ቴክላ የሚል ብዙ የለም፤ ሁሉም ሶፊያ፣ ጁሊያ ነው። የእኔ የአሮጊት ስም ሆኗል። የእናንተውስ?»

«የእኛው ተክል ማለት ነው» አለ ምንያህል። «ግን የወንድ ነው።»

ባልና ሚስት ራሳቸው ሶፊያ ሊሏት ተስማምተው ነበር፤ ለማስመዝገብም ነገ ቴርሚን፣ ቀጠሮ አላቸው። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አንስተው «የልጅቷስ ስም ማን ነው?» ሲሉ ምንያህል አፉን ከፈተ። ሚስቱ ቀደመችው።

«ቴክላ።»

«አንቺ!» አላት በአማርኛ። «አገር ቤት ወንድ መስላቸው በር ቢዘጉባትስ?»

ያለምዘውድ ጠግባ የተኛችውን ልጇን እያየች «እኔም ዘግቼ ነበር» አለች። «ይክፈቱና ይዩዋት።»