በኬቴኪ ጓሮ የበቀለው ዛፍ

ቦጊቶራ ሰው መናቅ የጀመረችው ገና ጥርስ ሳታወጣ ነው ይሏታል፤ ሐሰት የለበትም። በሱባንሲሪ ወንዝ ዳር ባለው በዚያ መንደር የሐር ትል የማያረባ የለም፤ ሁሉም የሚያረባው ግን ሶም በሚባለው ዛፍ ላይ ነው። ትሉ ከነሕይወቱ ዛፉ ላይ ይለቀቃል፣ ቅጠሉን ይበላል፣ ወርቅማ ሐር ይሰጣል። ቦጊቶራ ብቻ እናቷ የተከለቻቸው አምስት የሜጃንካሪ ዛፎች አሏት። ያው ትል፣ ከዚያው እናት የተፈለፈለው፣ ሜጃንካሪ ሲበላ የሚያወጣው ክር ነጭ ነው፤ ድሮ ነገሥታቱ ብቻ ይለብሱት የነበረ፣ የወተት ስልባቦት የመሰለ ነጭ። ይህን ይዛ ነው እንግዲህ አገሩን ሁሉ ቁልቁል የምታየው። የራሷን የሶም ዛፎች እንኳ «ዐይኔን ያቆሽሹታል» ብላ ካስነቀለቻቸው ዓመታት አልፈዋል።

«ወርቅማ ነው ይሉኛል!» ትላለች። «ቢጫ ነው በሉት። ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫም ቢጫ ነው።»

ባለፈው የመኸር በዓል ቀን፣ ሴቱ ሁሉ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ ሳለ ኬቴኪ መጣች። ኬቴኪ ከታችኛው ሰፈር ያለች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከጓሮዋ አንድ ሜጃንካሪ ሳይተከል በራሱ በቅሎላታል። አንድ ታሙል፣ ለአክብሮት የሚሰጠውን የሚታኘክ ፍሬ፣ በቅጠሉ ጠቅልላ፣ እንደ ወጉ በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«እህት ዓለም፣ ቢራቢሮሽ እንቁላል የጣለችበትን አንዲት ጭራሮ ብትሰጪኝ፤ እኔም በዚያች ዛፌ ነጩን ልሞክረው ብዬ ነበር።»

ቦጊቶራ ታሙሉን አልተቀበለችም። የኬቴኪን ኩታ ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችና ጣቷን በገዛ ልብሷ ጠረገች።

«የንጉሥ ዛፍ በአንቺ ጓሮ? ወፍ አርታው ነው እንጂ ማን ይተክልልሻል! ቁረጪውና ላምሽን እሰሪበት። ያ ነው የሚያምርብሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኩሌቶቹ ስላሳቃቸው ነው፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ተራው እንዳይደርሳቸው ፈርተው። ኬቴኪ አልሳቀችም። ታሙሏን ወደ መቀነቷ መልሳ ሄደች፤ ቦጊቶራም ነገሩን እዚያው ረሳችው።

ወዲያው የልጇ የሴዋሊ የሠርግ ቀን ተቆረጠ። የሙሽራው እናት ከታች ከሸማኔዎቹ ከተማ የመጣች፣ ክር በጣቷ ነክታ ዘሩን የምትናገር ሴት ናት። «ሜጃንካሪ አላችሁ ሲሉ ሰማሁ፤ ሳልሞት ባየሁት» አለች።

«ልጄ ከቤቴ የምትወጣው ሽርጧንም ኩታዋንም ነጭ ለብሳ ነው!» አለች ቦጊቶራ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ። «በሶም ክር ልድራት? በጆንያ ብድራት ይሻለኛል!»

አፍ ዳገት አይፈራም። ሙሉ ልብስ እንዲወጣ ከወትሮው እጥፍ ትል አስፈለፈለች። ምራቷ ጁሪ ቀስ ብላ ጠጋ አለቻት።

«እማማ፣ ትል ብዙውን የሚበላው በመጨረሻዋ ሳምንት ነው። አሁን ትንንሽ ስለሆኑ ነው እንጂ አምስት ዛፍ ይህን ሁሉ አይችልም።»

«ደግሞ አንቺ! ከሻይ እርሻ መጥተሽ ትል ልታስተምሪኝ? አባትሽ ቤት የሚታወቀው ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ነው!»

ቦጊቶራ ግን ቂል አልነበረችም። ለማንም ሳትናገር ስድስተኛ ዛፍ ቆጥራለች፤ የኬቴኪን። ቅጠል ካነሰ ትሎቼን እዚያ አሰፍራለሁ፣ ለእሷም ክብር ነው፣ እጄን ትስማለች ብላ በልቧ ጨርሳው ነበር። ለኬቴኪ መንገር? ለኬቴኪ ምን ይነገራል!

ወቅቱ ሲገባ እንደ አገሩ ልማድ ደጇን ዘጋች። ትል እያረባ ሰው ቤት የሚሄድ የለም፣ የሚመጣም የለም፤ ዓሣ አይጠበስም፣ ገላውን ያልታጠበ ዛፍ ሥር አይደርስም። ቦጊቶራ ቀኑን ሙሉ የጭቃ እንክብል በሚወረውር ደጋን ወፍ ስታባርር ትውላለች። ጁሪ አንድ ቀን ሩዝ ይዛላት መጥታ፣ «እማማ፣ የኬቴኪ ዛፍ እኮ» ብላ ጀምራ ነበር። «የዚያችን ሴት ስም ትሎቼ አጠገብ አትጥሪ! ክፉ ዕድል ይጋባል» አለቻትና ሩዟን በላች።

ትሎቹ አራተኛ ቆዳቸውን ጣሉ፤ ጣት አከሉ፤ አረንጓዴ፣ ውፍርፍር ያሉ። ሲያኝኩ ድምፃቸው የሙዝ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ቦጊቶራ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወጥታ ብታይ ግን ዛፎቹ መለመላቸውን ቆመዋል። አንድ ቅጠል የለም። ትሉ በግንዱ ቁልቁል እየጎረፈ፣ ግንዱ ላይ ከታሰረው የሣር ገመድ ሲደርስ አላሳልፍ ብሎት፣ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ይፈልጋል። ሊፈትል ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል። ካልበላ ደግሞ ክሩም የለም፣ ነፍሱም የለም።

«እማማ፣ የሰው ሶም እንለምን» አለች ጁሪ፣ እንባዋ መጥቶ።

«ሶም የቀመሰ ትል ክሩ ይቆሽሻል! የነሐሱን ሣሕን ከነታሙሉ አምጪልኝ። ኬቴኪ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«እማማ፣ እኮ የኬቴኪ ዛፍ…»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

በመንገድ ላይ የምትለውን አሰናዳች። እለምንሻለሁ አትልም፤ ፈቅጄልሻለሁ ነው የምትለው። ኬቴኪ ደጇን ስትጠርግ አገኘቻት።

«ዛፍሽን ላከብረው መጣሁ» አለች ቦጊቶራ።

«የትኛውን ዛፍ?»

«ሜጃንካሪሽን ነዋ! ትሎቼን ላሰፍርበት ፈቅጄልሻለሁ። በሠርጉ ስምሽ ይነሣል።»

ኬቴኪ ታሙሉን አየች፣ እሷን አየች፤ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ነይ ላሳይሽ።»

ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት። የላሟ በረት አለ። በረቱ መሐል አንድ ወፍራም ምሰሶ፣ ቅርፊቱ ገና ያልተላጠ፤ ላሟ ታስራበት አንገቷን ታክበታለች። ባከከች ቁጥር የሎሚ ዓይነት ሽታ ይወጣል። ቦጊቶራ ያን ሽታ እናቷ ጀርባ ላይ ከታዘለችበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ቁረጪው አልሽኝ፣ ቆረጥኩት» አለች ኬቴኪ። «ላምሽን እሰሪበት አልሽኝ፣ አሰርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተሰጠ ምክር እንዴት ይጣላል?»

«አንቺ ጅል! ቀልዴን እኮ ነው!»

«ቀልድ ነበር እንዴ? ሦስት ቀን ሙሉ ሳለቅስ ማንም አልነገረኝም።»

ለቦጊቶራ ትሎቹ ታዩዋት፣ ራሳቸውን ሲያወዛውዙ። ሴዋሊ ታየቻት። የበረቱን አጥር ያዘች። የናቁት ያስረግዛል ይባላል፤ ለሌላው ስትተርትበት የኖረች ሴት ናት።

«እየወረዱ ነው፣ ኬቴኪ። ሊሞቱብኝ ነው።»

«ሶም አለኝ። አሥራ ሁለት ዛፍ፣ ቅጠሉ ያልተነካ። ዘንድሮ እንቁላል የሚሰጠኝ አላገኘሁማ።» ኬቴኪ የላሟን ገመድ አጠበቀች። «ቢጫ ነው እንግዲህ። አፍንጫ ምናምን ነው የሚባለው።»

ቦጊቶራ ዞር ብላ የሶም ዛፎቹን አየች።

«በአፍሽ ለምኚኝ» አለች ኬቴኪ። «በዚያው አፍሽ።»

«ሶም ስጪኝ» አለች ቦጊቶራ። ቀና ብላ ደገመችው። «ሶምሽን ስጪኝ፣ እህት ዓለም።» የነሐሱን ሣሕን በሁለት እጇ ዘረጋች።

ኬቴኪ አንዱን ታሙል አንሥታ ጉንጯ ውስጥ ወተፈች። «ጉንዳን ሳይደርስባቸው አሁኑኑ አምጪያቸው። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ትሉ ምን በደለኝ?»

እስከ ማታ ሦስቱም ሴቶች ትል በቀርከሃ ወንፊት ሲያጓጉዙ ዋሉ። ትሎቹ በሉ፣ ፈተሉ። ክሩ ግን ነጭም አልሆነ ወርቅማም አልሆነ፤ ታሙል ሲያኝክ ኖሮ የዛገ የሽማግሌ ጥርስ መሰለ። ሌላ ክር አልነበረምና ቦጊቶራ ያንኑ ሸመነችው።

በሠርጉ ቀን ሴዋሊ ለብሳው ወጣች። የሙሽራው እናት ከሰው መሐል ተነሥታ የኩታውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች፣ አሸት አሸት አደረገች፣ ለቀቀችው። ከዚያ ጣቷን በገዛ ልብሷ ጠረገች።

«ምን አብልታችሁት ነው ይሄ?»

ቦጊቶራ ሁለት ሰበብ አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱ ዝናቡ ነው፣ ሁለተኛዋ ጁሪ ናት። ጁሪም እንደሚመጣባት አውቃ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ቦጊቶራ ግን ያችን ጣት አየች፤ ቀና ስትል ደግሞ ከሰው ኋላ ኬቴኪ ታሙል እያኘከች ቆማለች።

«ትሉስ የሰጡትን ነው የበላው» አለች። «የእሱን ቅጠል የበላሁት እኔ ነኝ፣ በአፌ።»

የሙሽራው እናት አልገባትም። ኬቴኪ ግን ማኘኳን አቆመች።