የወልደ ሰንበት ተራ

«ዳልቻን ልውሰደው?» አለ ወልደ ሰንበት፣ ከዳሱ ደጃፍ ቆሞ።

ለቀስተኛው ንፍሮውን ማኘክ አቆመ። ደጉ ከተቀበረ ገና ሠልስቱ ነው፤ ይኼ ጎረቤት ደግሞ የሟቹን በሬ ይጠይቃል።

«ኧረ በሥላሴ! የወንድሜ መቃብር ሳይደርቅ?» አለች የሟች እኅት ተዋበች። «ሐዘን ቤት በሬ ይጠመዳል እንዴ?»

«ሌሊት ዘንቧል፣ እትዬ። ርጥበቱ ለነገ አያድርም። የዛሬው ተራ ደግሞ የእኔ ነው።»

ሁሉም ወደ አልጣሽ ዞሩ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንባ ጠብ አላላትም። ሴቶቹ ሲያሟት ሰምታለች፤ ግድ አልሰጣትም። ማሳው ጦሙን ካደረ ልጆቿ ዓመቱን ምን እንደሚበሉ አታውቅም፤ ይህንንም ማሰብ ታከታት።

«ውሰደው» አለች።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወልደ ሰንበት ባዶ እጁን ወደ ስማዳ የተመለሰ ወታደር ነበር። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ የደጉ ማሳ በገመድ ተለክቶ ግማሹ ለእሱ ተሰጠው። ደጉ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈገው። ከዚያ ዝናብ ጠፋ፤ ከብቱ አለቀ፤ ለሁለቱም አንዳንድ በሬ ቀረላቸው። አንድ ጠዋት ደጉ ዳልቻን እየነዳ ወደ ወልደ ሰንበት ደጅ ሄደ።

«መሬታችንን ለወሰደው ደግሞ በሬያችንን?» ብላ አልጣሽ ጮኸችበት።

«ታዲያ ከአንቺ ጋር ልጥመደው?» ብሎ ሳቀ። ያን ሳቁን ትወድለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሬዎቹን አቀናጅተው በየተራ ሲያርሱ ኖሩ።

ረፋዱ ላይ ተዋበች ከውጭ ገባች። ድምፅዋ ወርዷል።

«አልጣሽ፣ ያ ሰውዬ የሚያርሰው የናንተን ነው።»

አልጣሽ ተነሣች። ለዘር የተቀመጠውን ገብስ በቁና ሰፍራ ወደ ማሳው ወረደች።

«ተራው የአንተ አልነበር?» አለችው።

ወልደ ሰንበት በሬዎቹን አቆመ። «አምና ስታመም ጋሼ ደጉ የራሱን ትቶ የእኔን አርሷል። አልነገረዎትም?»

አልነገራትም።

«የአንተስ?»

«ሌላ ዝናብ ይጠብቃል።»

ሌላ ዝናብ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። አልጣሽ ማሳዋን አየችው፤ ግማሹ ታርሷል።

«ይበቃል። ሳይመሽ ወደ ማሳህ ተሻገር» አለችና፣ ሣር የበቀለበትን ድንበር አልፋ ከደጉ ዘር አንድ እፍኝ በወልደ ሰንበት መሬት ላይ በተነች። ሁለተኛውን ስትዘግን እንባዋ ገብሱ ላይ ወረደ።