የጎብዬው ሰርግ ካሴት

ቆቦ ውስጥ በግጥም ፈንታውን የሚያህለው አልነበረም። ይህን እሱም ያውቃል፣ አገሩም ያውቃል። በአዘቦቱ ቀን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ፣ ሱሪ ይሰፋል። ጥር ሲገባ ግን ከሮቢት እስከ ጎብዬ ያለ ባለ ሰርግ ሁሉ ደጅ ይጠናዋል። በዚያ አገር ሙሽራ ስትወሰድ የወንዱ ወገንና የሴቷ ወገን ዳስ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው በግጥም ይሰዳደባሉ። ምንም ቢባባሉ መቀየም ነውር ነው፤ የተቀየመ በግ ይቀጣል። ፈንታውን የያዘ ወገን ደረቱን ነፍቶ ይገባል፤ ፈንታው የሌለበት ወገን በጉን ከወዲሁ ይፈልግ ይባል ነበር። ቀኝ ዓይኑ በልጅነቱ ታሞ ነጭ ለብሶ ቀርቷል። «እግዜር አንድ ዓይን ወስዶ ሁለት ምላስ ሰጠው» ይሉታል፤ እሱም ሲባል ደስ ይለዋል።

በ1979 መስከረም ግን አባይ መጣ።

አባይ አብሮ አደጉ ነው። እናትና አባቱ ሞተውበት አክስቱ እትዬ ደብሪቱ ናቸው ያሳደጉት። ጎረምሳ ሲሆን አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ሄዶ እዚያው ቀረ። አሁን ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ዱብ ሲል ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጦ፣ የሳጥን ያህል ቴፕ በትከሻው ተሸክሞ፣ እያነከሰ ነበር።

ማነከሱ የውሸት ነው። አዲስ አበባ ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግቦ ሳለ ነው ሹልክ ብሎ የወጣው። ለቆቦ ቀበሌ «መኪና ገጭቶኝ እግሬ ተበላሽቷል» አለ። ሊቀመንበሩ ጓድ አያሌው እግሩን አየት አድርገው «እንግዲህ ይማርህ» ብለው አለፉት። እትዬ ደብሪቱን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ያልጠየቁት ስላመኑ አልነበረም። ሰፈሩም ያውቃል፣ ግን አፉን ይዟል።

ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ፈንታውና አባይ ከሦስተኛው ጓደኛቸው ከበድረዲን ሱቅ ይሰበሰባሉ። በድረዲን ካሴት እያባዛ የሚሸጥ፣ ከሹፌሮች ጋር የሚዋዋል፣ ወሬም ዘፈንም ከእሱ የማያልፍ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን አባይ ይዞት የመጣውን ካሴት አስገባ። ከበሮው ይደቃል፣ አንድ ሰውዬ ያለ ፋታ ያወራል።

«ይሄ ሰውዬ ዘፈኑን መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ በድረዲን ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፍቶ።

«ጀምሯል እኮ!» አለ አባይ።

«ወላሂ ይሄ ዘፈን አይደለም። ሸንጎ ቀርቦ እየተከራከረ ነው። ማን ከሰሰው?»

«ጥቁር አሜሪካኖች ናቸው። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ይወጡና አንዱ በግጥም ይሰድባል፣ አንዱ ይመልሳል። ሕዝቡ ነው የሚፈርደው።»

«በጉስ?»

«የምን በግ?»

«የተቀየመ የሚቀጣው ነዋ!»

አባይና በድረዲን በሳቅ ፈረሱ። ፈንታው አልሳቀም። «ታዲያ ይሄ ምኑ ነው አዲስ?» አለ። «ይሄማ የኛው ነው። ለዚህ አሜሪካ ድረስ ምን አንከራተታቸው? ጎብዬ አይመጡም ነበር?»

«እውነትህን ነው ፈንትሽ» አለ አባይ፤ አፉ ላይ ክፋት አልነበረም። «ልዩነቱ እነሱ በካሴት ያወጡታል። ዓለም ይሰማዋል። ያንተን ነፋስ ይወስደዋል።»

ቀልድ ነበር። ፈንታው ግን ያቺን ቃል ቤቱ ድረስ ይዟት ሄደ።

ራዲዮኑ ዜና ሲጀምር በድረዲን ቴፑን ቀነሰ። ስለ ረቂቁ ሕገ መንግሥት ነው፤ ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥበት ነው ይላል።

«ሪፐብሊክ ልንሆን ነው አሉ» አለ በድረዲን። «ሪፐብሊክ ስንሆን ባዶ ካሴት ይረክሳል?»

«እሱን ተወውና» አለ አባይ፣ «የኔ እግር ይድናል?»

አሁንም ሳቁ። አባይ ሲናገር ሰው ይስቃል፤ ዝም ቢልም ሊናገር ነው ብሎ ይጠብቀዋል። ፈንታው ዓመታት የለፋበትን ነገር ይህ ልጅ በአንድ ከሰዓት አገኘው።

ብዙም ሳይቆይ የቆቦ ጎረምሳ ሁሉ ከእትዬ ደብሪቱ ጎተራ ኋላ መዋል ጀመረ። አባይ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ካርቶን ዘርግቶ በጀርባው ይሽከረከራል፤ ከዚያ በአናቱ ይተከልና እንደ እንዝርት ይሾራል። አንዱ ጥግ ላይ ቆሞ የአብዮት ጥበቃ መጣ አልመጣ ይጠብቃል። ጥሩወርቅ እንኳ፣ ጨርቅ ባመጣች ቁጥር «እስቲ አንድ ግጥም ጣል አድርግልኝ» ካላለች የማትሄደው ጥሩወርቅ፣ አንድ ቀን መጥታ «ፈንታው፣ እንደ አባይ ዓይነት ሱሪ ለወንድሜ ትሰፋለህ?» አለችው። ግጥም አልጠየቀችም። ሱሪውን ሰፋው፤ መርፌው ጣቱን ወጋው።

ቀና። ሌላ ስም አንስጠው። ነቀዝ ማሽላ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ፍሬውን እንደሚበላው ነበር ቅናቱ የበላው። አባይ ሰላም ሲለው ይስቃል፣ ዘወር ሲል ያቃጥለዋል። አንድ ቀን ቤቱን ዘግቶ በአናቱ ለመቆም ሞከረና አንገቱ ተጣሞ ሰነበተ። ለደንበኞቹ «ትራስ ነው የጎዳኝ» አላቸው። ሰው ጓደኛው እንዲታመም አይመኝም፤ እሱ ግን አንዳንዴ «ያ እግሩ ምናለ የእውነት ቢሰበር» ይል ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ያማትባል።

ጥር ላይ የቆቦው ተሾመ ከጎብዬ አገባ። አባይን ሚዜው አደረገው። የሙሽራይቱ ወገኖች ደግሞ እንደ ልማዳቸው ፈንታውን ለመኑት። ዳሱ ግጥም ብሎ ሞላ። ጓድ አያሌው ሽጉጣቸውን እንደታጠቁ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። በድረዲን የአባይን ቴፕ ከዳሱ ምሰሶ ሥር አስቀምጦ ሊቀዳ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ።

ሴቶቹ ጀመሩ፣ ወንዶቹ መለሱ፤ ከበሮው ሞቀ። አባይ ያን ጊዜ ወደ መሃል ወጣ፣ እያነከሰ። ከበሮውን አስቆመና በአፉ «ቡም ታክ፣ ቡም ቡም ታክ» እያለ ይመታ ጀመር። ሰው ግራ ተጋባ፣ ወዲያው ጭብጨባው ተከተለው። ከዚያ ፈንታው አጠገብ መጥቶ ቆመና አለ፦

«ሱሪ ላሰፋ ብዬ ፈንታው ዘንድ ብሄድ፣
ባንድ ዓይኑ ለክቶኝ በአንድ እግሬ ልሂድ?»

ዳሱ ተናጋ። ሽማግሌዎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ጥሩወርቅ በነጠላዋ አፏን ይዛ ከወገቧ ታጠፈች። ፈንታው ጆሮው ድረስ ጋለ። በዓይኑ የቀለደበት ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉንም መልስ አሳጥቷቸዋል። ጥሩወርቅ በእሱ ስትስቅ ያየበት ቀን ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ከአሁን በኋላ ሱሪ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ይህን ሊዘፍንበት ነው።

መልሱ ያለ ፍለጋ መጣለት። ጥሩ ግጥም እንዲህ ነው፣ አንዳንዴ ሰውየውን ሳያስፈቅድ ይወጣል፦

«ቀበሌ ሲጠራው እግሩን ያነክሳል፣
ከጎተራው ጀርባ ባናቱ ይደንሳል!»

ለአፍታ ዳሱ እስትንፋሱን ዋጠ። ወዲያው ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሰው እርስ በርሱ ተደጋገፈ። ጓድ አያሌው ራሳቸው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። አባይ የቆመው በቀኙ በኩል፣ በማያይበት ዓይኑ ወገን ስለነበር ፈንታው ፊቱን አላየውም። ዞሮ ሊያየውም አልፈለገ። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ጭብጨባውን ተቀበለ።

በአባይ ላይ ምንም አልመጣም። የዳስ ቃል ከዳሱ ጋር ይፈርሳል ይላሉ፤ እንደተባለውም ሆነ። ጓድ አያሌው በማግስቱ አባይን መንገድ ላይ አገኙትና «እግርህ እንዴት አደረ?» ብለውት በከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ ብለው አለፉ።

ከሰርጉ በኋላ በመጀመሪያው ገበያ በድረዲን ካሴቱን በኪሱ ይዞ ወደ ፈንታው በረንዳ መጣ።

«ሹፌሮቹ አበዱ» አለ። «አንዱ ሰምቶ ላንዱ ነግሮ፣ ሁሉም ቅዳልን ነው የሚሉኝ። ቆቦ እንዲህ ዓይነት ካሴት ወጥቶላት አያውቅም።» ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ግን ያችን ነገር ላጥፋት።»

«የትኛዋን?»

«ታውቃታለህ። ዳስ ውስጥ የነበረው የራሳችን ሰው ነው። ካሴት ግን የት ቤት እንደሚገባ አይታወቅም። እሱ የሰደበህንም አጠፋለሁ፣ እኩል ትሆናላችሁ። አብሽር፣ ሌላው ግጥምህ ይበቃል።»

ፈንታው የስፌት መኪናውን ጎማ አንድ ጊዜ አዞረና አቆመ። አልገባውም አይባልም፤ ገብቶታል። ነገር ግን ከሰፋው ልብስ ሁሉ፣ ከገጠመው ግጥም ሁሉ፣ ያ ሳቅ ይበልጥበት ነበር። ያንተን ነፋስ ይወስደዋል ያለው እሱ ራሱ አባይ አይደል?

«ይቺ ከጠፋች ምን ቀረ?» አለ። «እንዳለ ይሁን።»

«ፈንታው፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»

«እንዳለ ይሁን አልኩህ!»

በድረዲን ትከሻውን ሰብቆ ሄደ፤ እሱም ቢሆን ነጋዴ ነው።

ካሴቱ በጭነት መኪና ሄደ፣ በአውቶቡስ ተመለሰ። ሮቢት ሻይ ቤቶች ውስጥ ይጮሃል፣ ጎብዬ ገበያ ላይ ይጮሃል። ወልድያ ያደረ ሹፌር ፈንታውን ሲያገኝ «ከጎተራው ጀርባ!» እያለ በጡሩምባ ሰላም ይለዋል። ጥሩወርቅም ተመልሳ መጣች፤ «አንድ ጣል አድርግልኝ» አለችው። እውነቱን እንናገር ካልን ፈንታው በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

በየካቲት ማለቂያ ከአውራጃው የውትድርና መልማዮች መጡ። ምሳ የበሉት ከጓድ አያሌው ጋር ነው፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ሻይ ቤት። የሻይ ቤቱ አሳላፊ ለእንግዶቹ ክብር ብሎ የወቅቱን ካሴት ከፈተላቸው። ግጥሙ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ከመልማዮቹ አንዱ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ «ይሄ በአናቱ የሚደንሰው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ጓድ አያሌው ዳስ ውስጥ መሳቅ ይችሉ ነበር። እዚህ ግን ሰውየው ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነው። የበሉበትን እጃቸውን ታጥበው ተነሡና መንገዱን አሳዩ። ከጎተራው ጀርባ ሲደርሱ አባይ ካርቶኑ ላይ ነበር።

በማግስቱ አባይንና ሌሎቹን ምልምሎች የጫነው መኪና በፈንታው በረንዳ ፊት አለፈ። ፈንታው አንገቱን ጨርቁ ላይ ደፋ።

«ፈንትሽ!» ብሎ ተጣራ አባይ ከላይ። «አልተቀየምኩም! በግ አልከፍልም!»

መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወደ ጦርነት የሚሄዱ ልጆች ሳቁ። ፈንታው አሽሙር መሰለው። ደግሞ ያን ጊዜ እንኳ፣ እግዜር ይይለት፣ «እዚያም ሰው ይስቅለታል» ብሎ ቀና።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ ደብሪቱ ቴፑን በነጠላ አዝለው መጡ። ጉልበታቸው ስለማይችል ሰርጉ ላይ አልነበሩም፤ ልጃቸው በዘፈን ሰበብ እንደተወሰደ ሰምተዋል። የማን ዘፈን እንደሆነ ግን፣ ከይሉኝታ የተነሣ፣ ከተማው በሙሉ ሳይነግራቸው ቀርቷል።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር አላውቅበትም» አሉት ወንበሩ ላይ አረፍ ብለው። «ለፈንታው ስጪው፣ እስክመለስ እሱ ይያዘው ብሎኝ ነው የሄደው። አሁን ደግሞ ድምፁ እዚህ ውስጥ አለ አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ አለ።»

«በል አሰማኝ።»

እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ካሴቱን አስገባ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ከዚያ «ቡም ታክ፣ ቡም ቡም ታክ»። እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሱሪው፣ ዓይኑ፣ እግሩ። «አይ ይሄ ልጅ! አንተን እኮ ነው የሚሰድብህ!» ብለው እያለቀሱ ሳቁ።

ፈንታው ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። እትዬ ደብሪቱ እጁን ያዙት። «ተወው፣ ይቀጥል።»

የራሱ ድምፅ መጣ፣ ሁለቱንም ስንኝ ጥርት አድርጎ። ከዚያ ያቺ የአፍታ ዝምታ፤ ካሴቱ በተከፈተበት ሁሉ ሰው ግጥሙ ላይ አብሮ ስለሚጮህ ከዚህ በኋላ ያለውን ለይቶ ሰምቶት አያውቅም። መጀመሪያ የሳቀው ዳሱ ይመስለው ነበር። አይደለም። ቴፑ አባይ አጠገብ ነበርና መጀመሪያ የተሰማው አንድ ሳቅ ነው፤ ዳሱ የሳቀው እሱን ተከትሎ ነው። «ኧረ ፈንትሽ! በሳቅ ገደልከኝ! ኧረ አጨብጭቡለት፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል አባይ፣ እየሳቀ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ የብቻውን እያጨበጨበ።

«ስማው፣ ስማው» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ግጥሙን ልብ አላሉትም። «ልክ እንደ እናቱ ነው የሚስቀው።»

ፈንታው መቀሱን አንሥቶ ያለ ምክንያት መልሶ አስቀመጠው።

«እስቲ መልሰው» አሉት። «ከሳቁ ትንሽ ቀደም አድርገህ።»

ሳቁ ዘንድ ለመድረስ ግጥሙን ማለፍ ግድ ነበር። ፈንታው ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው።