የሲሃም ጾም

"አፍሽን ክፈቺ ብዬሻለሁ!"

ዙልፋ የስኳር ውኃውን ብርጭቆ ወደ ልጇ ከንፈር አስጠጋች። ሲሃም ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ላብ ሻሿን አርሶታል፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ሸዋ ሮቢት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንንም በላብ ታጠምቃለች። ይኼ ግን የሙቀት ላብ አልነበረም።

"ጾመኛ ነኝ፣ እማ።"

"ጠዋት መርፌ ወግቼሽ? ቁርስሽስ?"

"ለዶሮዎቹ ሰጠችው" አለች ታናሿ ዓሊያ ከበሩ ላይ።

"አንቺ ወሬኛ!" አለች ሲሃም።

ነርሷ ሰብለ በሽታውን ያስረዳቻት ቀን ዙልፋ አሥረኛ ክፍል የተማረችው ትዝ ብሏት ነበር፦ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል። የሲሃም ቆሽት ይህን ሥራ ካቆመ አምስት ዓመቱ ነው። "የእድገት ሆርሞኑ እደጊ ቢላት እንኳ፣ ኢንሱሊን ካነሰባት ሰውነቷ የሚያድግበት አያገኝም" ብላት ነበር ሰብለ። "ተወግታ ካልበላች ደግሞ ስኳሩ ይወርድና ራሷን ትስታለች። ከዚያ..." ሰብለ አልጨረሰችውም። ዙልፋ ግን በየቀኑ ትጨርሰዋለች። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበረችው ገንቦ ታኖረዋለች፤ የቆላው ሙቀት ግን እየቀደማት ያበላሸዋል። ልጅቷም ከዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ እምብዛም አላደገችም።

"ለታመመ ሰው አላህ ራሱ ፈቅዷል። ሼሁም ነግረውሻል።"

"የታመመ ሲድን ያመለጠውን ጾሞ ቀዷውን ያወጣል። እኔ መቼ ነው የማወጣው?"

"በአንቺ ፈንታ ሚስኪን እናበላለን።"

"ሚስኪን ስለበላ እኔ አደግሁ?" ምላሷ መተሳሰር ጀምሯል። "ትናንት ሽንኩርት ሻጯ ዓሊያን ምን አለቻት? 'ትንሿን እቀፊያት፣ ሰው እንዳይረግጣት።' አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ እማ። ሌሊት ለሱሑር እንድትበላ እሷን ትቀሰቅሻለሽ፣ እኔን ግን ነጠላ አልብሰሽ ታስተኚኛለሽ።"

ዙልፋ አገጯን ይዛ ልታጠጣት ሞከረች፤ ውኃው ደረቷ ላይ ፈሰሰ። የሲሃም ዐይኖች መንከራተት ጀመሩ። ራሷን ከሳተች መዋጥም አትችልም።

ዙልፋ ብርጭቆውን ወደ ራሷ አፍ አዞረችና ሁለት ጊዜ ጎነጨች።

"እማ! ማግሪብ እኮ ገና ነው፣ ለማፍጠር ሦስት ሰዓት ይቀራል!" ዓሊያ ጮኸች።

"ይኸው ጾሜን ፈታሁ" አለች ዙልፋ ሲሃምን እያየች። "ብቻሽን አትበይም። ጠጪ።"

ሲሃም እያለቀሰች እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ዓሊያ ዳቦ አመጣች፤ እሱንም በላች። መንቀጥቀጡ ቀስ እያለ ለቀቃት።

"አሁን ያንቺንም ጾም አበላሸሁት" አለች፣ ድምፅዋ ሲመለስላት።

ዙልፋ "ምንም አይደል፣ ልጄ" ልትላት አፏን ከፈተች። ረመዷን ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ከዚያም የሚቀጥለው ዓመት አለ፤ ከዚያም የሚቀጥለው።

"አዎ" አለቻት። "ነገም ካልበላሽ፣ ነገም ታበላሺዋለሽ።"