ሜትርና እሜቴ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ በሙሉ «ሜትር» ነው የሚለው። መለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅማ! ሲበላም አለ፣ ሲተኛም አለ፤ ሚስቱማ «ሲታጠብም አይቼዋለሁ» ብላ ትምላለች።

ታዲያ አክስቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየችና ዶሮዋን ለሱ ሰጠችው። ጫጩት እንዳትመስላችሁ፤ ስንቱን ፈልፍላ ያሳደገች፣ የተከበረች ባልቴት ናት። ኮራ ስትል አይቶ «እሜቴ» አላት።

«እሁድ መጥቼ አያታለሁ» አለች አክስት። «ካልለመደችህ ለወንድምህ ነው የምሰጣት።»

ወንድምየው ደግሞ ዶሮ ከሩቅ ካየ ሽንኩርት መላጥ የሚጀምር ሰው ነው።

እሜቴ ግን ወይ ፍንክች! ሜትር ጥሬ ይዞ ጎንበስ ሲል ቤቱን በጩኸት ታናውጥና ጨርቅ ክምር ውስጥ ትወሸቃለች። ማታ ከሚስቱ እጅ ስትበላ ግን አንገቷን እንኳ ቀና አታደርግም።

«እሜቴ፣ በናትሽ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ!»

«እኔን እንዲህ ለምነኸኝ ታውቃለህ?» ትላለች ሚስቱ።

እሁድ ጠዋት ሚስቱ መጋረጃ ልትለካ ሜትሩን ከአንገቱ መንጭቃ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ተስፋ ቆርጦ መሬት ላይ ቁጭ አለና ቁልፍ መትከል ጀመረ። የወንድሙ ድስት ዓይኑ ላይ ድቅን ብሏል።

ኮቴ ሰማ። እሜቴ ናት! ጉልበቱን ጠጋ ብላ አየችው፣ ቁልፉን ነካ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ጭኑ ላይ ወጣች። ሜትር ትንፋሹን ዋጠ።

«ጨርሻለሁ፣ እንካ!» ሚስቱ መጥታ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገችለት።

ዶሮዋ ጣራ ልትነካ ምንም አልቀራት!

ባልና ሚስት ተያዩ። ጎንበስ ባለ ቁጥር ዶሮዋ አፍንጫ ስር የሚወዛወዝ፣ ቢጫ፣ ረጅም ነገር...

«እባብ!» አለች ሚስቱ፣ ሳቋ እያነቃት። «ሰውዬ፣ እባብ ለብሰህ እኮ ነው እህል ቅመሺ የምትላት!»

ሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቆለፈበት።

አክስት ስትደርስ እሜቴ ጭኑ ላይ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

«ጉድ ነው! በል እኔም ቀሚስ አምሮኛል፣ ለካኝ።»

«እሺ እትዬ፣ ግን ቀስ ብለሽ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ እንዳትነቃ» አለና ክንዷን በስንዝር ይለካ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስሙን ቀየረለት፤ «ስንዝር» ነው የሚሉት። ቀሚሱ? እጅጌው ትንሽ አጥሯል፣ አክስት ግን አፏን ሞልታ ነው የምታመሰግነው።